ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጊታርን በማጀቢያ ላይ መቅዳት፦ ከሶኬት እስከ ሚክስ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ጎረቤቴ ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማኛል። እኔ ጊታር ስመታ ደግሞ እሱ ብቻ ሳይሆን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማም ይሰማሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "የኔ ልጅ፣ ያቺ ዘፈን መቼ ነው የምታልቀው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አንዲት መግቢያ ብቻ አርባ ጊዜ ስደጋግም ነበር የዋልኩት።

ከዚያ ወዲህ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ጥዬ በሄድፎን ብቻ እቀዳለሁ። የምጽፍላችሁም ይህንኑ ነው። ማጀቢያውን፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀውን ሙዚቃ፣ ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ፣ በላዩ ጊታራችሁን ጨምራችሁ፣ ሁለቱ ገጥመው እንዲወጡ ማድረግ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ማይክና ስለ ግድግዳ ስፖንጅ ነው። እኔን አንድ ዓመት ሙሉ ያንገላቱኝ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የድምፅ መዘግየትና የማጀቢያው ቅኝት። እነሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

1. የሚያስፈልገው ዕቃ

ጊታሩ አለ ብለን እንነሳ። ከእሱ ሌላ ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ሄድፎንና አንድ ገመድ በቂ ነው።

ሳውንድ ካርድ ስል ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ማለቴ አይደለም። በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ፊቱ ላይ የጊታር ጃክ የሚገባበት ትንሽ ሣጥን ነው። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ 22 ያለው ለአንድ ጊታር ይበቃል። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ መግቢያው ላይ "ኢንስት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል ጽሑፍ ይኑር፤ ለጊታር የተዘጋጀ መግቢያ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚል ማብሪያ ይኑረው፤ ጥቅሙን ክፍል 6 ላይ ታዩታላችሁ። ሦስተኛ፣ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚያገኝ ይሁን። ሦስተኛው ለእኛ ሰፈር ወሳኝ ነው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ካርዱም በላፕቶፑ ይሠራሉ፤ ቀረጻው አይቋረጥም።

የ"ኢንስት" ነገር ቀልድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ ለቃሚ) የሚያወጣው ምልክት ደካማ ነው። መቋቋሙ 1 ሚሊዮን ኦኸም አካባቢ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። ተራው የላይን መግቢያ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። እዚያ ብትሰኩት ቀጭኑ፣ የሚያብረቀርቀው ድምፅ ይሞታል፤ ጊታሩ ጋቢ የለበሰ ይመስላል። እኔ ለሁለት ወር "ክሩ አርጅቶ ነው" እያልኩ ክር ስቀይር ከርሜያለሁ። ጥፋቱ ግን ሳላበራት የቀረሁት የ"ኢንስት" ማብሪያ ነበረች።

ሄድፎኑ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን፣ ገመድ ያለው ይሁን። ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አብዛኛው ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ ክሩን ከመታችሁ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሳችሁ። የጊታሩ ገመድ ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው፤ 3 ሜትር ይበቃል። ገመድ በረዘመ ቁጥር ጉርምርምታም ይሰበስባል፣ ቀጭኑንም ድምፅ ይበላል።

ያገለገለ ካርድ መርካቶ ወይም መገናኛ አካባቢ ስትገዙ ጊታራችሁን፣ ገመዳችሁንና ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዙሩ። ሲዞር ቸር ቸር የሚል ማዞሪያ ቆሽሿል ወይም አልቋል ማለት ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ግድ የላችሁም።

2. ጉርምርምታውን ማጥፋት

የመጀመሪያው ካርዴን የሰካሁ ቀን ከጊታሩ ይልቅ እምምም የሚል ድምፅ ነው የተቀዳው። ገመድ ቀየርኩ። ሶኬት ቀየርኩ። ጊታሩን ለጥገና ልወስደው ስል መብራት ጠፋ። ድምፁም አብሮ ጠፋ! ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነበር። ጊታሬ እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። መብራት በመጥፋቱ የተደሰትኩት ያኔ ብቻ ነው።

ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነበር። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ያለው ይመስላል እንጂ ኋላው ባዶ ነው። ያኔ የቻርጀሩ ጫጫታ መሄጃ አጥቶ በዩኤስቢው በኩል ወደ ካርዱ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀሉና አድምጡ። ከጠራ፣ ባትሪውን ሞልታችሁ ቻርጀር ሳይሰካ ቅዱ። እኔ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምቀዳው።

ካልጠራ ምንጩ ሌላ ነው። መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው በ50 እና በብዜቶቹ፣ በ100 እና በ150፣ ነው የሚሰማው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ያለው ጊታር ይህን ከአየር ይለቅማል። ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ ድምፁ የሚቀንስበት አቅጣጫ ይኖራል። እዚያው ቅዱ። ረጃጅሞቹን ነጭ አምፖሎች አጥፉ። ሞባይሉን ከጠረጴዛው አርቁ፤ ጥሪ ሊገባ ሲል የሚሰማው "ድርድርድር" ቀረጻ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጉርምርምታ ይቀንሳል ብላችሁ የፕለጉን የኧርዝ እግር አትቁረጡ። ክሩን ስትነኩ እጃችሁን ከነዘራችሁም "ትንሽ ነው" አትበሉ። ወዲያው ንቀሉና የመብራት ባለሙያ ጥሩ።

3. ፕሮግራሙና ድራይቨሩ

ኦዳሲቲ የሚባለው መቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሪፐርን እመርጣለሁ። ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ማውረጃ ፋይሉም ቀላል ስለሆነ የሞባይል ዳታ አይጨርስም። ማክ ያላችሁ ጋራዥባንድ በቂያችሁ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የካርዱን ድራይቨር (ካርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱና ጫኑ። ከዚያ ሪፐር ቅንብር ውስጥ ግቡና የድምፅ ሲስተሙን "አሲዮ" አድርጉ፤ መዘግየትን የሚቀንስ የድራይቨር ዓይነት ነው። ካርዱ የራሱ አሲዮ ከሌለው "አሲዮ ፎር ኦል" የሚባለው ነፃ ድራይቨር ያገለግላል። ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 48,000፣ ቢቱን 24 አድርጉና ከዚያ በኋላ አትነካኩት። በዚህ ልክ አንድ የጊታር ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን አርባ ምናምን ሜጋ ማለት ነው፤ ፍላሽ ላይ ቅጂ ላለማስቀመጥ ምክንያት የለም።

4. የድምፅ መጠን

ጊታራችሁን በጣም በምትመቱበት ኃይል ምቱ። ካርዱ ላይ ያለውን ጌይን (የመግቢያውን መጠን ማዞሪያ) እያዞራችሁ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው መለኪያ ከፍ ሲል -12 ዲቢ (ዴሲቤል፤ 0 ጣሪያው ነው) አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ። ቀይ መብራት ከበራ አልፏል፤ ተቆርጦ የተቀዳ ድምፅ አይጠገንም። አንሶ ቢቀዳ ግን በ24 ቢት ያለ ችግር ከፍ ይደረጋል። በካሴት ዘመን ሰው ድምፁን እስከ ቀዩ የሚያስጠጋው የቴፑን ሹሹታ ለመሸፈን ነበር። እኛ ሹሹታውም የለብን፣ ምን አስጨነቀን።

5. ማጀቢያውን ማስገባት

አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱ። የማጀቢያውን ፋይል ጎትታችሁ አንደኛው ትራክ ላይ ጣሉት። ተጠናቆ የተሠራ ሙዚቃ በጣም ጮክ ያለ ስለሆነ ትራኩን ወደ -10 ዲቢ አውርዱት። አለበለዚያ ጊታራችሁን ለመስማት ጌይን ትጨምራላችሁ፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ሁለተኛው ትራክ የጊታሩ ነው፤ የመቅጃዋን ቀይ ቁልፍ ተጭናችሁ መግቢያውን ምረጡ። ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ሁለት ባር ባዶ ቦታ ተዉ፤ እጅ ለመዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል።

ማጀቢያው ችክችካ ከሆነ ፕሮጀክቱን 6/8 አድርጉት። ብዙ ሰው በመነሻው 4/4 ትቶት ክሊኩ (የፕሮግራሙ ምት ቆጣሪ) ከከበሮው ጋር ሲጣላበት ጊታሩን ይወቅሳል። የድሮ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ክሊኩን ጨርሶ አጥፉት። ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ ያለ ክሊክ የተጫወተው ዘፈን መሃሉ ላይ ይፈጥናል፣ መጨረሻው ላይ ይረጋጋል። ጆሯችሁን ለከበሮው ስጡ።

በሰው ማጀቢያ ቤት ውስጥ መለማመድና ሠርቶ ማውጣት ለየቅል ናቸው። በይፋ ልታወጡት ካሰባችሁ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ አለና ባለቤቱን አስፈቅዱ።

6. መዘግየት

ያለቀ የመሰለኝ ነገር ሁሉ የፈረሰው እዚህ ነው። ስቀዳ ከከበሮው ጋር አንድ ነኝ። መልሼ ስሰማው ከኋላ እየተጎተትኩ ነው። "ታይሚንግ የለህም" ብዬ ራሴን ተሳደብኩ። ሜትሮኖም ይዤ ወር ሙሉ ተለማመድኩ። ለውጥ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ድምፅን በቁራሽ በቁራሽ ነው የሚያስተናግደው። የቁራሹ መጠን በፈር ይባላል። በ48,000 ላይ 128 ሳምፕል ማለት 2.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። 512 ከሆነ 10.7፣ 1024 ከሆነ 21.3 ይሆናል። ድምፁ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ ይህን ይከፍላል፤ የካርዱ የራሱ መዘግየት ደግሞ ይጨመራል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ 10 ሚሊ ሰከንድ ማለት አምፓችሁ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደቆመ ነው፤ ይህ መድረክ ላይም ያለ ነው። 40 ሲሆን ግን አምፑ ጎረቤት ቤት ገባ ማለት ነው። እጅ ይደናበራል።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱን ምረጡ። የመጀመሪያው ዳይሬክት ሞኒተር ነው። ማብሪያውን ስታበሩ የጊታሩ ድምፅ ላፕቶፑ ጋ ሳይደርስ ከካርዱ በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይመጣል። መዘግየት አይሰማችሁም። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የትራኩን ማዳመጫ ግን አጥፉት፤ ካልሆነ ድምፁን ሁለት ጊዜ ትሰማላችሁ። ጉድለቱ ጊታሩ ደረቅ ሆኖ መሰማቱ ነው፤ ዲስቶርሽን የለ፣ ኢኮ የለ።

ሁለተኛው በፈሩን 128 ወይም 64 አድርጎ፣ የአምፕ ማስመሰያ ፕሮግራም በትራኩ ላይ ጭኖ፣ በፕሮግራሙ በኩል መስማት ነው። ኒውራል አምፕ ሞደለር ነፃ ነው፤ ጥሩም ነው። የአምፕ ማስመሰያ ያለ ስፒከር ማስመሰያ አትስሙ፤ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው የሚመስለው። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ድምፁ ይንጣጣል። ያኔ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ብራውዘሩን ዝጉ፣ በፈሩን ወደ 256 ውሰዱ።

አሁንም ግን አንድ ነገር ይቀራል። የምትሰሙት ቢስተካከልም ፕሮግራሙ የተቀዳውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሊሳሳት ይችላል። የእኔ ችግር ይሄው ነበር። ሪፐር ድራይቨሩ የሚነግረውን መዘግየት አምኖ ያስተካክላል፤ ድራይቨሩ ግን አንዳንዴ ይዋሻል። ኦዳሲቲ ደግሞ ከመነሻው -130 ሚሊ ሰከንድ የሚል ማካካሻ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከእናንተ ካርድ ጋር መግጠሙ በዕድል ነው።

ፈተናው ይህን ያህል ነው። አንደኛ ትራክ ላይ ቀጭን የክሊክ ድምፅ አስገቡ። ሄድፎኑን ከራሳችሁ አውልቁና አንዱን ጆሮ ጊታሩ ፒክአፕ ላይ አስቀምጡት። ድምፁን ከፍ አድርጉ። ፒክአፑ የሄድፎኑን ማግኔት ይሰማል። ዳይሬክት ሞኒተሩን አጥፉና ሁለተኛው ትራክ ላይ አሥር ሰከንድ ቅዱ። ከዚያ በጣም አቅርቡና የአንዱን ክሊክ መነሻ በሁለቱም ትራክ ላይ አነጻጽሩ። የተቀዳው 10 ሚሊ ሰከንድ ወደ ኋላ ከቀረ፣ በ48,000 ላይ 480 ሳምፕል ነው። ያንን ቁጥር ቅንብሩ ውስጥ ያለው የቀረጻ ማካካሻ ላይ ጻፉት። እንደገና ቅዱ። ሁለቱ ክሊኮች ተደራርበው ከተቀመጡ አበቃ። በፈር ወይም ካርድ ካልቀየራችሁ ደግማችሁ መፈተን የለባችሁም።

የእኔ ልዩነት 31 ሚሊ ሰከንድ ነበር። ወሩን ሙሉ የተሳደብኩት ጣቴን አይደለም ለካ።

7. ማጀቢያው ከጊታሩ ጋር አልገጥም ሲል

ጊታራችሁን በቱነር ቃኝታችኋል፤ ላ 440 ላይ ነው። ማጀቢያውን ስትከፍቱ ግን የትኛውም ፍሬት ላይ አይገኝም፤ በሁለት ፍሬት መሃል ነው ያለው። ይህ የድሮ ሙዚቃ ላይ የተለመደ ነው። በ1970ዎቹ ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን የመሳሰሉ ሥራዎች ብዙዎቻችን ጋ የደረሱት ከካሴት ተገልብጠው ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲሄድ ነው የተሠራው። ማጫወቻው ቀበቶው ላልቶ ወይም ሞተሩ ፈጥኖ ከሆነ ድምፁም ይወርዳል ወይም ይወጣል። የ6 በመቶ ያህል የፍጥነት ልዩነት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም አንድ ፍሬት ነው።

ጊታሩን ወደ ማጀቢያው ለመቃኘት አትሞክሩ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ክር ማላላትና ማጥበቅ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ዘፈን አለ። ማጀቢያውን ወደ ጊታሩ አምጡት።

ሪፐር ላይ ፋይሉን ሁለቴ ተጫኑና የፍጥነት ሳጥኑን ፈልጉ። "ቅኝቱን ጠብቅ" የሚለውን ምልክት አንሱ። ይህ ዋናው ነጥብ ነው። ቴፑ ሲበላሽ ፍጥነትና ቅኝት አብረው ስለሄዱ፣ አብረው ሲመለሱ ነው ድምፁ የማይጎዳው። ከዚያ ቤዙ አንድ ድምፅ ላይ ረዘም ብሎ የሚቆይበትን ቦታ ደጋግሙ። ያንኑ ድምፅ ጊታራችሁ ላይ ምቱ። ሁለቱ ሲቀራረቡ ዋው-ዋው-ዋው የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል። 1.00 የነበረውን ወደ 1.01፣ 1.02 ወይም ወደ 0.99 ስትወስዱ መንቀጥቀጡ እየዘገየ ይሄድና ይቆማል። ሲቆም ደርሳችኋል።

ይህንንም አድርጋችሁ ክራሩ ወይም ማሲንቆው ትንሽ ከጊታሩ ጋር የሚጣላ ቢመስላችሁ ማጀቢያውን አትውቀሱ። እነሱ እንደ ጊታር ፍሬት እኩል የተከፋፈለ ደረጃ አይከተሉም። ክሩን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ተቀበሏቸው። ኮርድ ላይም ተጠንቀቁ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚ የለበትም። መነሻው ላይ ሙሉ ሜጀር ኮርድ ብትመቱ ቅኝቱን ታጠፉታላችሁ። ዶና ሶልን ብቻ ያዙ። ዲስቶርሽን ካለበትማ ይኸው ነው የሚያምረው።

8. መቅዳት

ሙሉውን ዘፈን በአንድ ትንፋሽ ለመቅዳት አትታገሉ። መግቢያውን ለብቻ፣ አዝማቹን ለብቻ ቅዱ። ፕሮግራሙ አንድን ክፍል እየደጋገመ እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። እኔ አምስት ጊዜ ከመታሁ በኋላ አቆማለሁ። ከአምስተኛው በኋላ ጣቱ ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። ብዙ ጊዜ የምይዘው ሁለተኛውን ነው። በየሃያ ደቂቃው ቃኙ፤ አዲስ ክር ከሆነ በየዘፈኑ።

ቦክስ ጊታር ላላችሁ ነገሩ ይለያል። ማይክ ያስፈልጋል፤ ኮንደንሰር የሚባለው፣ ኃይል የሚፈልገው ዓይነት ከሆነ ካርዱ ላይ ያለውን 48 ቮልት አብሩ። ማይኩን አንገቱና ሳጥኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት አድርጉ። ቀዳዳው ፊት አታድርጉት፤ ይጎረናል። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያግድም። ከኋላችሁ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከፍታችሁ፣ ከጎን ፍራሽ ብታቆሙ ይሻላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ክረምቱን እርሱት። እኔ ማይክ የምከፍተው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ውሻው ይጮሃል፣ አንዳንዴ ከወዲያ ሜዳ ጅብም ይመልስለታል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ የቅዳሴውና የአዛኑ ድምፅ ይጀምራል። ያለችኝ ሦስት ሰዓት ናት።

9. ሚክስ

አጭር ነው። ጊታሩ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ወፍራሙ ክር 82 ላይ ስለሆነ ምንም አይጎድልባችሁም፤ ጉርምርምታ ከቀረ ግን ዋናው እዚያ ነው ያለው። ማጀቢያው ውስጥ ኪቦርድ ወይም ሳክስፎን ከአንድ ወገን ከበዛ ጊታሩን ወደ ሌላው ትንሽ ግፉት። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ጨምሩ፣ ከዚያ ከጨመራችሁት ግማሹን ቀንሱ። ከዚያ በዋቭ አውጡ፤ ለመላክ ደግሞ በ320 ኤምፒስሪ።

በሄድፎን ብቻ አትወስኑ። እኔ ፋይሉን ስልኬ ላይ አድርጌ ጠዋት ወደ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ በስልኩ ስፒከር፣ ጆሮዬ ሥር አድርጌ እሰማዋለሁ። ሞተሩ እየጮኸ ሊዱ (ዜማውን የሚመራው ጊታር) ከተሰማ ደህና ነው። ካልተሰማ ማታ ተመልሼ ማጀቢያውን በ2 ዲቢ አወርዳለሁ። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ ስልክ ከስፒከር ፊት ደቅናችሁ በድምፅ መልእክት እንዳትቀዱት፣ ይህ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።